ብርቄ ፊቷን ያዞረች ዕለት

ቢቸና መጥቶ ልጄን ከእጄ የነጠቀኝ ሰው አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ራሳችን አቅፈን፣ በወጉ ልናስረክባት ሞጣ ድረስ ወሰድናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ የሚወቅሰው ሰው ሲፈልግ ሩቅ እንዳይሄድ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ነበር፤ ማብቃቱን ግን ማንም አያውቅም። እኔ ያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ አናጢ ነበርኩ። በርና መስኮት እሠራለሁ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ እመታለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የቻልኩት በቃሌ የማውቀውን የዳዊት መዝሙር ከመጽሐፉ ገጽ ጋር እያስተያየሁ፣ ይህ ድምፅ ይህ ፊደል መሆን አለበት እያልኩ ነው። በራሱ የተማረ ሰው አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ያወቀውን ሁሉ በሰው ላይ ይጭናል። ጎረቤት ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲካሰሱ ለሽምግልና እጠራ ነበር። የምናገረው ሁልጊዜ አንድ ነበር። "ምለሃል? እንግዲያው ፈጽም።" ጨካኝ ነው እያሉም ይጠሩኝ ነበር፤ ለራሴም እንደማላዳላ ያውቃሉና።

ባለቤቴ ትርንጎ ትባላለች። ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት ነበር። በሦስተኛው ሆዷ ገና ሳይገፋ እግሯና ፊቷ አበጠ፣ የበላችው አልረጋ አለ፣ አልፎ አልፎም ደም ይታያት ጀመር። ቢቸና ውስጥ የሚያስታምማት ዘመድ አልነበረንም። ሞጣ ግን የአባቷ እህት ወይዘሮ ደብሪቱ ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ርስትና ጭሰኛ ያላቸው፣ ልጅ ግን ያልወለዱ ሴት ናቸው። ቤታቸው ለጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር። "አምጧት፣ እኔ ጋ ትተኛ" ብለው ላኩ። በቃሬዛ አደረግናትና መንደር ለመንደር ሰው እየተቀባበለ ተሸክሞ ሞጣ አደረሳት። በመንገድ ላይ በሕይወት ትደርሳለች ብዬ አላሰብኩም። ደረሰች። እኔም እዚያ ትቻት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ግንደወይን የጀመርኩት የቆርቆሮ ቤት ነበረብኝ።

ወራት አልፎ የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ መልእክት መጣልኝ። ሥራዬን ጥዬ ስበር ሞጣ ገባሁ። ሁለት ልጆች ነበሩ። ሴቷ ቀድማ ወጥታ፣ አዋላጇ እትብት ልትቆርጥ ስትል ሌላ ምጥ መጥቶ ወንዱ ተከተለ። ሁለቱም እንደ ጫጩት የከሱ ነበሩ። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ የጤና ጣቢያ ረዳት ሐኪም፣ ድሬሰር የሚሉት፣ ወደ ጎን ወስዶኝ፣ "ተርፋለች፤ ከእንግዲህ ግን ሌላ ልጅ አታስቡ" አለኝ።

ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።

"ለእትዬ ደብሪቱ ምዬላቸዋለሁ" አለችኝ።

"ምን ብለሽ?"

"የሚወለደው የርስዎ ነው ብዬ።"

"በፈቃድሽ?"

"ምያለሁ አልኩህ እኮ።"

ሌላ አልጠየቅኋትም። ሕይወቷን ላተረፉላት ሴት ውለታ ልትመልስ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም ብሆን ከዚህ ያነሰ አልሰጥም ነበር ብዬ በልቤ አጸደቅሁላት። ወይዘሮ ደብሪቱም ጠሩኝና፣ "አየህ አናጢው፣ እግዚአብሔር ሁላችንንም አስቦ ሁለት አድርጎ ላካቸው። አንድ ይበቃኛል። ሴቷ ቀድማ ስለ ወጣች ሴቷ የኔ ናት። ጡት እስኪጥሉ ግን እናታቸው ጋ ይቆዩ" አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ከመሄዴም በፊት በምስጋና አሮጌ የጓዳ በራቸውን ነቅዬ፣ ከወፍራም የዋንዛ ሳንቃ አዲስ በር ሠርቼ ገጠምኩላቸው። ይህን በር አንባቢ እንዲያስታውሰው እፈልጋለሁ።

ሴቷን ብርቄ፣ ወንዱን ዳኛቸው አልናቸው።

መንታ ያላሳደገ ሰው አያውቀውም። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል፤ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይርበዋል። ትርንጎ ከወሊዱ በኋላ ወገቧ አልቀና ስላላት ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማንሳት አትችልም ነበር። ስለዚህ እኔ ሰው የሚፈራኝ ሽማግሌ፣ አንዱን በጀርባዬ አዝዬ እንጨት የምልግ ሰው ሆንኩ። የሚያልፈው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። "ጋሼ፣ ያዘልከው መጋዝ ነው?" ይሉኛል። እኔም አልስቅም፤ አላወርድም።

መራመድ ሲጀምሩ ሱቄ የነሱ ሆነ። ብርቄ ያገኘችውን ሁሉ አፏን አስነክታ የምታውቅ ልጅ ነበረች፤ ሙጫውን፣ ሚስማሩን፣ የመጋዙን ብናኝ፣ ሁሉንም ትቀምሳለች። ዳኛቸው ደግሞ እሷ የቀመሰችውን ካልቀመሰ ያለቅሳል። እሷ ከዓይኑ ስትጠፋ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ቁጭ ይላል፣ እስክትመለስ ምንም አይነካም። እኔ ጥብቅ አባት ነበርኩ። አንዱ ሳይሰጠው ሌላው እንዳይበላ እጃቸውን እየመታሁ አስተማርኳቸው። ማለዳ ማለዳ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ትንፋሻቸውን ስሰማ፣ ከዳዊቱ የማነበው ሁሉ ምስጋና ይሆንብኝ ነበር። በሕይወት ይተርፋሉ ተብለው ያልተጠበቁ እናትና ሁለት ልጆች በአንድ አጎዛ ላይ ተኝተው ያድሩ ነበር። ብርቄ የኛ እንዳልሆነች አልረሳሁም። ስለማትቆይ ይሆናል አብዝቼ የማያት።

ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ መኸሩ ከገባ በኋላ፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና ገበያ ጨርቅ እያመጣ የሚነግድ ሁሴን የሚባል ወዳጄ ሱቄ ገባ። ልጆቹን አይቶ ከኪሱ ስኳር አወጣላቸውና እሱ ራሱ አንገቱን ደፋ።

"ከወይዘሮ ደብሪቱ መልእክት አለኝ" አለ። "ባልይዘው ደስ ባለኝ።"

"ተናገር።"

"'ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ልጄን አምጡልኝ' ብለዋል። 'ጡት ሳትጥል እንዳትመጣ፤ ጡት ያልጣለ ልጅ እናቱን እየጠራ ያስቸግረኛል። እሬት ቀብታ ታስጥላት' ብለዋል።"

ትርንጎ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጣ ብላ፣ "እሬት ቀብታ አሉ?" አለችው።

"እንዲያ ነው ያሉኝ፣ እህቴ።"

"እሺ በላቸው" አለችና ተመልሳ ገባች።

በአገራችን ልጅ ጡት የሚጥለው እንዲህ ነው። እናቲቱ የእሬት ተክል ቆርጣ፣ መራራውን ውሃ በጡቷ ጫፍ ትቀባለች። ልጁ ሲጎርስ ያንገሸግሸዋል። ጥቂት ጊዜ ይመላለሳል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይተዋል። ትርንጎ በማግሥቱ ጀመረች። ዳኛቸው አንዴ ቀምሶ አኮረፈ፣ በዚያው ቀረ። ብርቄ ግን እምቢ አለች። ምሬቱ ፊቷን እያጨማደደው፣ እንባዋ እየወረደ ትመለሳለች። ትርንጎ ደጋግማ ቀባች። አብዝታ ቀባች። ልጅቷ በመጨረሻ የእናቷ ቀሚስ ሲከፈት ስታይ ብቻ ፊቷን ዘወር አድርጋ ትተፋ ጀመር።

"አሁንስ በቃት" አልኳት።

"እትዬ ያዘዙት በደንብ ይሁን እንጂ" አለች ትርንጎ።

እሁዱ ሲቀርብ ቅዳሜ ጠዋት እህል የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ተነሳን። ትርንጎ ብርቄን ታቅፋ፣ እኔ ዳኛቸውን ይዤ፣ ከጆንያው ላይ ተቀመጥን። ትርንጎ ዓይኗን ከብርቄ አልነቀለችም። እኔ ግን ተናገርኩ፤ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ። መሐላ ማክበር ምን እንደሆነ፣ ሳሙኤልን እናቱ ሐና እንዴት ለቤተ መቅደስ እንደ ሰጠች ነገርኳት። ጨርሼ ዝም ስል፣ "ሐናን በሩ ላይ ማንም አልቆመባትም" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አልጠየቅኋትም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ቤት አደርን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። የነፍስ አባታቸው አባ ተድላ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ጎረቤታቸው ግራዝማች አዳሙ አሉ፤ ያረጁ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። የቀሩት በአብዛኛው የጭሰኞቻቸው ሚስቶች ናቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ሙሽራ የጥልፉን ጫፍ እየደጋገሙ ያስተካክሉ ነበር። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ሥርዓቱ አጭር ነው። የጡት ልጅ የምትቀበል ሴት በጡቷ ጫፍ ማር ትቀባለች። ልጁ በሽማግሌ ፊት ማሩን ይጠባል። ከጠባ ልጇ ነው፤ እንደ ወለደችው ይቆጠራል፣ ይወርሳታልም። ከዚያ ወዲያ የወለደችው እናት መልሳ መጠየቅ አትችልም።

"ተጠንቀቁ ወይዘሮ" አሉ ግራዝማች። "በዚህ ዕድሜዋ በጥርሷ ነው የምትጠባው።"

"ትንከሰኝ" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ እየሳቁ። "ስንት ዓመት የናፈቀኝ ንክሻ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። አባ ተድላ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። በትንሽ ሳህን ነጭ ማር ቀረበ። ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ ይዘው ቀሚሳቸውን ከፈቱና ማሩን ቀቡ። "ነይ የኔ እናት" አሉ። ትርንጎ ብርቄን ከጭኗ አውርዳ ወለሉ ላይ አቆመቻት። እጇን ለቀቀቻት።

ብርቄ ማሩን አሽትታ ፈገግ አለች። ማር የምትወድ ልጅ ናት። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ሄደች። እኔም በልቤ አለቀ አልኩ።

ወይዘሮ ደብሪቱ አቀፏትና አስጠጓት። ያን ጊዜ ልጅቷ ጡቱን አየች። ፊቷ ተጨማደደ። አንገቷን ዘወር አድርጋ ተፋች። ሊያባብሏት ራሷን በእጃቸው መልሰው ሲያስጠጉ፣ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ በሁለት እጇ ደረታቸውን ገፍታ፣ ማሩን በጥልፉ ላይ አዳርሳ፣ ከጭናቸው ተንሸራታ ወረደች። ዳኛቸውም ጮኸ።

"እንደገና" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

እንደገና ተሞከረ። አሁን የባሰ ሆነ። ገና ቀሚሱ ሲነካ ልጅቷ ሽንቷን ለቀቀች።

ከዚያ ሹክሹክታ ጀመረ። ከኋላዬ አንዲቱ፣ "ልጅ እኮ እኛ የማናየውን ያያል" ስትል ሰማሁ። ሌላይቱ፣ "ምን አይታባቸው ይሆን?" አለች። "ምን ይመስልሻል? ዓይናቸውን ነዋ። ያለ ነገር መካን ሆኑ?" አለች ሦስተኛይቱ፣ ድምጿንም ብዙ አልቀነሰችም። እነዚያ ሴቶች ሁሉ እናቶች ነበሩ። ሁሉም ልጅ በእሬት ያስጣሉ ናቸው። ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይመስለኝም። በየዓመቱ ከእህላቸው እየሰፈሩ የሚሰጧት ሴት በልጅ ስትገፈተር ማየት ደስ ስላላቸው ነው። ያልገባቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ ነበሩ። እሬት ጡት እንደሚያስጥል ሰምተው ያውቃሉ፤ ልጅ ግን አሳድገው አያውቁም። ቀሚሳቸው እንደተከፈተ፣ ማር የተቀባ የደረቀ ጡታቸውን መሸፈን ረስተው ልጅቷን ያዩ ነበር።

አባ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሕፃኗ እምቢ ብላለች። እኛ እሺ ልናሰኛት አንችልም" አሉ። "ወላጆቿ ይውሰዷት። የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል።"

ነፃ ወጣን ማለት ነው። ትርንጎ ፈጥና ተነስታ ብርቄን በአንቀልባ ታዝል ጀመር። ዓይኗ ዓይኔን ያዘው። ዝም በል ማለቷ ነበር፤ በትዳራችን እንዲህ አድርጋ ለምናኝ አታውቅም። እኔም አንድ እግሬን ወደ በሩ አንስቻለሁ። ግን ሞጣ ውስጥ ቡዳ ናት የተባለች ሴት ምን እንደሚደርስባት አውቃለሁ። ውሃ የሚቀዳላት አይገኝም። ስትሞት የሚቀብራት አይገኝም። ባለቤቴን ከሞት ባተረፈች ሴት ቤት ውስጥ ቆሜ ልጄን በዝምታ መግዛት አልቻልኩም።

"እሬቱ ነው" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ልጅቷ ጡት ከጣለች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። እሬት በዝቶባት ነው የጣለችው። የእናቷንም ጡት ስታይ እንዲሁ ትተፋለች። እትዬ ደብሪቱ ላይ ያየችው ነገር የለም።"

ትርንጎ የአንቀልባውን ጠፍር እንደያዘች አየችኝ። ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ አተያይ ከሚስቱ ባይደርሰው ይሻላል።

"ታዲያ ምን ችግር አለ" አሉ ግራዝማች አዳሙ። ሐፍረቱ በማለፉ ደስ ብሏቸዋል። "ወንድ የጡት ልጅ ሲቀበል ማሩን በአውራ ጣቱ አይደለም እንዴ የሚያጠባው? እሳቸውም በአውራ ጣት ያጥቧት።"

አባ ተድላም፣ "ይሆናል" አሉ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀሚሳቸውን ዘጉ። አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አወጡ። ትርንጎ ልጅቷን እንድታወርድ አባ ተድላ በእጃቸው አመለከቷት። ሳታወርዳት ብትቀር እኔ ራሴ ላወርድ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። አወረደቻት። ብርቄ እንባዋ ሳይደርቅ ጣቱን አየች። ጣት አትፈራም። ተጠጋች፤ አፏን ከፈተች።

ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

"አንተ አናጢ" አሉኝ። "ለምን ተናገርክ? ዝም ብትል ልጅህን ይዘህ መሄድህ ነበር።"

"ባልሆነ ነገር ስምዎ ሊጠፋ አይገባም።"

"በሆነውስ ነገር?" አሉ።

እሳቸው ጣታቸውን አይተው፣ በራሳቸው አፍ ልሰው አደረቁት። ከዚያ ወደ ማንም ሳያዩ ተናገሩ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

"ትርንጎ ከመውለዷ በፊት፣ ያን ዕለት ደም ሲፈሳት፣ ድሬሰሩን እንዲጠራ አሽከሬን አስነስቼ ነበር። ከጓዳው በር መለስኩት። በሩን በጀርባዬ ዘጋሁና 'የሚወለደውን ለኔ ብለሽ ማይ፤ ከማልሽ ይሄዳል' አልኳት። እሷ አልማለችም። እኔም አልተነሳሁም። ከበታቿ ያነጠፍኩት ጨርቅ ሲርስ ለወጥኩላት፤ ሁለተኛውም ሲርስ ለወጥኩላት። በሩን ግን አልከፈትኩም። በመጨረሻ ከንፈሯ ሲነጣ ማለች። ከዚያ አሽከሩን ለቀቅኩት። ባልምል ኖሮ እከፍት ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቅም።"

እኔ ያየሁት የጓዳውን በር ነበር። የዋንዛ ሳንቃ፣ በእጄ የላግኩት፣ በምስጋና የገጠምኩት። ማጠፊያው እስካሁን አይጮህም።

አባ ተድላ፣ "ለነፍስ አባትሽ እንኳ ይህን አልተናዘዝሽም" አሉ።

"ለርስዎ ብናገር ንስሐ ይሰጡኛል" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። "ልጅቷን አይሰጡኝም።"

ከሴቶቹ አንዲቱም አልሳቀች። ግራዝማች ዱላቸውን እያዩ፣ "እንዲህ ያለ መሐላ መሐላ አይደለም" አሉ። አባ ተድላም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ፍርዱን የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር።

"ውሰዷት። አዝኜላችሁ አይደለም። ይህች ልጅ በዚህ ቤት ብታድግ በዚያ በር በወጣች በገባች ቁጥር ያን ቀን ልታሳየኝ ነው። ሁለት ዓመት ቀን ስቆጥር ይህ አልታየኝም ነበር፤ አሁን ታየኝ።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። "ትርንጎ፣ ይቅር በይኝ።"

"አልልም" አለች ትርንጎ።

"ልጄ" አሉ አባ ተድላ፣ "በይ እንጂ።"

"አባ፣ ያን ጊዜ እኔ ውሃ ስጡኝ እያልኳቸው ነበር። ሐኪም እንኳ አላልኩም። ውሃ ነበር የለመንኳቸው።"

ብርቄን አዘለች። እኔ ዳኛቸውን አንስቼ ተከተልኳት። ምግቡ እንደ ቀረበ፣ ማንም ሳይሸኘን፣ ከዚያ ቤት ወጣን።

ከከተማው ዳር እስከ ከሰዓት ጠብቀን ወደ ቢቸና የሚመለስ ባዶ መኪና አገኘን። ጥቂት እንደሄድን፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ብነግርህ ምን ትል ነበር?"

ዳኛቸውን ከአንዱ ጭኔ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

"'ምለሻል' ትለኝ ነበር" አለች። "እኔም ያን ከምሰማ ልጄን መስጠት መረጥኩ።"

እውነቷን ነበር። እንዲያ እላት ነበር።

ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ዳኛቸው እንቅልፍ ወሰደው። ብርቄ ግን ርቧት ታለቅሳለች፤ በእጃችን ምንም የለም። ትርንጎ ብዙ አባበለቻት። መጨረሻ ላይ፣ ማንም ሳያዛት፣ ቀሚሷን ከፍታ ጡቷን አወጣች። በምራቋ ጠረገችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ደግማ ጠረገችው። "እንኪ የኔ ዓለም፣ አሁን የለበትም" አለቻት።

ብርቄ አየችው። ፊቷ ተጨማደደ። አንገቷን ዘወር አድርጋ ተፋች፤ በሁለት እጇም የእናቷን ደረት ገፋች።

ትርንጎ ቀሚሷን ለመዝጋት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አቧራው ይነሳል፣ መኪናው ያንገላታናል፣ እሷ የተከፈተ ቀሚሷን በእጇ እንደያዘች ልጅቷን ታያለች። በኋላ፣ ለኔ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ "ለካ እንዲህ ነው" አለች።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብኝ ብትለኝ ጥቂት ነገር ልንገርህ። ለሽምግልና መጠራቴ አልቀረም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው "ምሏል" ብሎ ሲከስ ስሰማ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው "ሲምል በሩ ላይ የቆመው ማን ነበር?" ብዬ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ አይወደውም። አንዳንዱ ጥያቄዬን ሰምቶ ክሱን ትቶ ሄዷል። አንተም ሰው ቃሉን እንዲጠብቅልህ ስትጠይቅ፣ ቃሉን ሲሰጥህ ምን እንደለመነህ አስታውስ።

ሌላው ነገር የምስጋና ነገር ነው። ቀድሞ ምስጋና ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ መልካም ላደረገልህ ታመሰግናለህ፣ ያልቃል። ልጆቼ በሕይወት የተረፉት በዚያች ሴት ቤት ነው። ምግቧ፣ አልጋዋ፣ በመጨረሻም ድሬሰሩ ባይኖር ሦስቱም ከመሬት በታች ነበሩ። ባለቤቴ ከንፈሯ እስኪነጣ ደሟ የፈሰሰውም በዚያችው ሴት እጅ ነው። አንዱን ከሌላው ለይቼ ላወጣው ሞክሬ አልሆነልኝም። ልጆቼን ባየሁ ቁጥር ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ምስጋና ይከብዳል፤ ግን የተሰጠኝ እሱ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬታቸው ከተወሰደ ወዲህ ሞቱ። ሐውልታቸውን የሠራላቸው ዘመድ የለም። የቡዳ ስም ግን አልወጣባቸውም፤ ቀባሪ አላጡም። ለቅሶ የሄድኩት ልጆቹን ይዤ ነው። ትርንጎ አልሄደችም። ሂጂም አላልኳት፤ ሰው ልመክር አፌን ከፍቼ መልሼ የዘጋሁበት የመጀመሪያው ጊዜ ይመስለኛል።

ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ጸሎት ስናደርግ የሞቱትን ሁሉ በስም አነሳለሁ። የእሳቸውንም ስም አነሳለሁ። ትርንጎ ከጎኔ ተቀምጣ ትሰማለች። በዚያ ስም ላይ አሜን አትልም። ግን እስክጨርስ ድረስ አትነሳም።